እንግሊዙና የቤዝመንታችን ተዋናይ

ባለፈው ጥቅምት ከልጄ ከናታን ጋር ለሃሎዊን የሚሆን ጭንብል ልንገዛ፣ ሉዊስ ሴንተር በሚባለው ሰፈራችን ካለው ትልቅ ሱቅ ገብተን፣ እሱ አንዱን ሲያነሳ አንዱን ሲጥል፣ እኔ ሰዓቴን እያየሁ ስቁነጠነጥ፣ ድንገት አረንጓዴ፣ ቅርፊታም፣ አፉ እስከ ጆሮው የተተረተረ የላስቲክ ፊት አንስቶ አፍንጫዬ ሥር ደቀነብኝ። ሊያስደነግጠኝ ነበር ሐሳቡ። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ሽታውን ወደ ውስጥ ሳብኩት፤ አዲስ ጎማ፣ ትንሽ ቀለም፣ ትንሽ ደግሞ መጋዘን መጋዘን የሚል፣ ልክ እንደ ድሮው። ሱቅ መሃል ቆሜ የላስቲክ አውሬ ሳሸት ያየኝ ሰው ምን እንዳለ አላውቅም፤ ልጄ ያለውን ግን አውቃለሁ። «ማም፣ ስቶፕ፣ ፒፕል አር ሉኪንግ» አለኝ። ሰው ቢያይ ምን አገባኝ! በዚያ ሽታ ውስጥ ሆኜ፣ ለአንድ ማታ የሌላ ዓለም ፍጡር ተብዬ መድረክ ላይ የቆምኩ ሴት ነኝ። ያቆመኝ ጋሼ ንጉሤ ነው፤ ጋሼ ንጉሤን ያነሳሳው ደግሞ ውቅያኖስ ማዶ የሚኖር፣ እኛን ቀርቶ ከተማችንን ኮለምበስን የማያውቅ አንድ እንግሊዛዊ ተዋናይ ነው።

ያኔ የምንኖረው ፎረስት ፓርክ የሚባል ሰፈር ነበር፤ ፊቷ በጡብ የተለበጠ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጋራዧ የሚያፈስ ቤት ውስጥ። አባቴና እናቴ በሱዳን አድርገው የመጡ ስደተኞች ናቸው፤ እሱ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፣ እሷ አረጋውያን ማረፊያ ትሠራለች። ከምናውቃቸው ሰዎች ሁሉ ቀድመው ቤት የገዙት እነሱ ስለነበሩ፣ ቤቷን ገዙ እንጂ ከሥሯ ያለውን ምድር ቤት፣ ቤዝመንቷን፣ አልገዙም ማለት ይቻላል። ቤዝመንቱ የሕዝብ ነበር። ከናይሮቢ የመጣ፣ ከሚስቱ የተጣላ፣ የአፓርታማው የኪራይ ውል ያለቀበት፣ ሁሉም «እስክቋቋም» እያለ እዚያ ያርፋል፤ ተቋቁሞ ይወጣል። ጋሼ ንጉሤ ብቻ ተቋቁሞም አልወጣም። ሥራ ያዘ፣ መኪና ገዛ፣ ለፋሲካ በግ የሚያመጣውም እሱ ሆነ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ካለችው ሶፋ ግን ንቅንቅ አላለም። እኛም እንዲወጣ የምንፈልግ ሰዎች አልነበርንም።

ቀን ቀን ዌርሃውስ በሚባለው የዕቃ መጋዘን ካርቶን ይጭናል። አገር ቤት ሳለ ግን ደሴ ውስጥ የአንድ የኪነት ቡድን ተዋናይ ነበር፤ በጭነት መኪና ከወረዳ ወረዳ እየዞሩ፣ በቀበሌ አዳራሽና በገበያ ሜዳ ከሚጫወቱት ዓይነት። ረጅም፣ ድምፁ ከሆዱ የሚወጣ፣ ቅንድቡ ብቻውን ቴአትር መሥራት የሚችል ሰው ስለነበር ሁልጊዜ የሚሰጠው የጨካኙን ባላባት ቦታ ነው፤ ከዚህም የተነሳ፣ እሱ እንደሚለው፣ አንዲት ነጋዴ ሐይቅ ገበያ ላይ «ለድሃ ጠላት አልሸጥም» ብላ በርበሬዋን ከልክላዋለች። ይህን ሲያወራ ይኮራል እንጂ አይናደድም። ቡድኑ ከተበተነ ወዲህ ግን መድረክ ረግጦ አያውቅም ነበር። እዚህም የከተማው የአበሻ ማኅበር የአዲስ ዓመት በዓል ባዘጋጀ ቁጥር «አንድ አጭር ቴአትር ልሥራላችሁ» ይላል፤ እነሱም «በሚቀጥለው ዓመት» ይሉታል። ሰውዬው ሌላ የሚመኘው ነገር አልነበረም። እናቴ ሚስት ልትፈልግለት ደፋ ቀና ስትል እንኳ «መጀመሪያ መድረክ ፈልጊልኝ፤ ሚስቱ ከተመልካቹ መሃል አትጠፋም» ይላት ነበር።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ማስታወቂያ የማያበዛው የሕዝብ ቴሌቪዥን የቆዩ የእንግሊዝ ተከታታይ ፊልሞችን ያሳያል፤ የጠፈር መርከብ፣ መንፈስ ያደረበት ቤት፣ ጭጋግ ውስጥ የሚጮህ ነገር። አባቴ «ኬብል የሰነፍ ግብር ነው» ብሎ በክፍያ የሚገባውን ጣቢያ ስላላስገባልን እኔና ታናሽ ወንድሜ ዮናስ ሌላ ምርጫ አልነበረንም። ፊልሞቹ በርካሽ የተሠሩ ነበሩ፤ የመርከቡ ግድግዳ ሰው ሲደገፈው ይነቃነቃል፣ ሩቅ የተባለው ፕላኔት ሁሉ ያው አንድ የድንጋይ ካባ ነው። አንድ ቅዳሜ፣ ጋሼ ንጉሤ ጥግ ላይ ቆሞ ሸሚዙን ሲያጥፍ፣ ሦስት ቅርፊታም አውሬዎች በጨረር ተመትተው ወደቁ። እኛ ሳቅን፤ እሱ ሸሚዙን አስቀመጠ። «ሁለቱ ወደቁ፤ ያኛው ግን ሞተ። አያችሁ ልዩነቱን?» አለን። እኛ ምንም አላየንም ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በሌላ ፊልም፣ አንድ ዓይን ብቻ ያለው ሌላ ፍጡር ገና በሩን ከፍቶ ብቅ ሲል ጋሼ ንጉሤ ከሶፋው ተስፈነጠረ። «እሱ ነው! ያ የሞተው ነው!» እንዴት አወቅህ ብንለው፣ ፍጡሩ መናገር ሲፈልግ መጀመሪያ የግራ ትከሻውን እንደሚጥል፣ ቀጥሎ እንደሚተነፍስ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እንደሚናገር ራሱ ቆሞ አሳየን። የእኔ ሥራ ያን ጊዜ ተጀመረ። ፊልሙ ሲያልቅ የተዋንያኑ ስም ከታች ወደ ላይ እየሮጠ ያልፋል፤ እኔ ደግሞ አፍንጫዬን የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ለጥፌ፣ ከመብራት ሠራተኛውና ከፀጉር ሠሪዋ ትንሽ ቀደም ብሎ የሚያልፈውን ስም መያዝ አለብኝ። በሌላ ቅዳሜ በሌላ ፊት ሲመጣም እውነትም ያው ስም ነበር። ለአፋችን አልመች ስላለን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ «እንግሊዙ» ተባለ፤ አገሩ ሌላ ሰው የሌለው ይመስል።

እንዲህ አድርገን የእንግሊዙን የሥራ ዘመን ቅዳሜ በቅዳሜ ተከታተልነው። መጀመሪያ አውሬ ብቻ ነበር፤ ቅርፊታም፣ ፀጉራም፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ፊቱ የተቀቀለ ዱባ የመሰለ። ቀጥሎ የደም መጣጩ ጌታ አሽከር አደረጉትና ፊቱ በግማሽ ታየ፤ ፋኖስ ይዞ በር ይከፍታል፣ እዚያው በሩ ላይ ይሞታል። ቀጥሎ የጠፈር መርከብ መኮንን ሆኖ ተሾመ፤ እሱም ኮፍያው እስከ ቅንድቡ የወረደ፣ ታሪኩ ሳይሞቅ አውሬ የሚበላው ፈሪ መኮንን። እናቴ የታጠበ ልብስ ልታወጣ ስትወርድ «ዛሬስ ሞተ?» ትላለች፤ ሁልጊዜም ሞቷል። አንድ ቅዳሜ በእሳት ሲቃጠል አይታ ከልቧ አዝና «ነፍስ ይማር» ብላ፣ በሳምንቱ በሌላ ፊት ሲመጣባት «ይሄ ሰውዬ ያለቀስኩትን ይመልስልኝ!» ብላ ተቆጥታለች። ጋሼ ንጉሤ በእያንዳንዱ ሞት ላይ አስተያየት ይሰጣል፤ ይሄኛው ቸኮለ፣ ያኛው ልክ ነበር፣ በመርዝ የሞተውን ግን እኔም ከዚህ የተሻለ አልሠራውም። አንድ ነገር ብቻ ያበሳጨው ነበር። «ይሄን የመሰለ ተዋናይ ፊቱን አንድ ቀን እንኳ በወጉ አላሳዩንም» ይላል፤ ሲለውም ቅንድቡ አይንቀሳቀስም። ልጅ ብሆንም ስለ እንግሊዙ ብቻ እየተናገረ እንዳልሆነ ይገባኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ አዲስ ተከታታይ ፊልም ተጀመረ፤ መግቢያው ላይ የጸሐፊው ስም ብቅ ሲል እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ አነበብኩትና ደነገጥኩ። የእንግሊዙ ስም ነው። «ደግመሽ አንብቢ» ቢለኝም ስሙ አልፏል፤ እኔ ግን በዚያ ስም አልታማም፣ ከገዛ ስሜ እኩል አውቀዋለሁ። ታሪኩ በአንድ ባድማ ፕላኔት ላይ ብቻውን መብራት ስለሚጠብቅ ሰው ነበር፤ የሚያልፉ መርከቦች ከድንጋይ እንዳይጋጩ ያበራላቸዋል፣ አንዳቸውም ግን እሱ ዘንድ አያርፉም። ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶ ቆይቶ ዞር ሲል መላጣ፣ ጆሮ ትልልቅ፣ ምንም ማማር የሌለው ሰው ሆነ፤ ሊናገር ሲል የግራ ትከሻው ዝቅ አለ። ጭንብል የለ፣ ቀለም የለ። ጋሼ ንጉሤ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ «ፊት የሚሰጠው ቢያጣ ጊዜ ራሱ ጻፈው! አያችሁ ወይ፣ ራሱ ጻፈው!» እያለ ቤዝመንቱን ዞረው። የዚያን ቀን ሰውዬው መጨረሻው ላይ ሳይሞት ቀረ፤ እናቴም ቅርጫቷን እንደያዘች እልል አለች። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጋሼ ንጉሤ ከትምህርት ቤት ቦርሳዬ ወረቀት ለመነኝና መጻፍ ጀመረ።

ማኅበሩ በስንት ልመና እሺ ያለው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር። ሊቀመንበሩ አቶ ሰይፉ፣ ቤክስሊ ውስጥ የልብስ ንጽሕና መስጫ የነበራቸው፣ ሰዓት አክባሪና ንግግር ወዳድ ሰው፣ «ልጆቻችን ቋንቋቸውን እየረሱ ነው፤ ልጆቹን የምታሳትፍ ከሆነ ዘንድሮ ቦታ አለህ» አሉት። ጋሼ ንጉሤ እኔን፣ ዮናስንና የጎረቤቶቻችንን ሦስት ልጆች ሰበሰበ። ድርሰቱ ስለ ርስት ክርክር ነበር፤ ወንድም ከወንድም የሚካሰስበት፣ ዳኛና ዋስ፣ ሽማግሌና ግዝት የበዛበት። ዮናስ የወንድሙን ክህደት የሚያወግዝበትን ንግግር የስልክ ቁጥር እንደሚያነብ ሰው አነበበው። ከጎረቤት የመጣው ሮቤል አንድ መስመር ብሎ «ካን አይ ሰይ ኢት ኢን ኢንግሊሽ?» አለ። እኔ ከሁሉ እሻላለሁ ብዬ ስኩራራ ነበር፤ «ግዝት» የሚለውን ቃል የምግብ ስም ይመስለኝ እንደነበር ግን ለማንም አልተናገርኩም። አቶ ሰይፉ ልምምዱን ሊያዩ መጥተው፣ ደረጃው ላይ እንደቆሙ ትንሽ አዳመጡና «ንጉሤ፣ ይሄ አይሆንም። ሰው ይስቅብሃል። ከሁለት ሳምንት በኋላ እሁድ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ካልተስተካከለ ልጆቹ እስክስታ ይምቱና ይብቃ» ብለውት ወጡ። ስንት ዘመን የጠበቀው መድረክ በእኛ ምላስ ምክንያት ሊያመልጠው ነው። ጋሼ ንጉሤ አልተቆጣንም፤ ልብስ ማጠቢያው ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ያገላብጣል። ያን ያህል አዝኖ አይቼው አላውቅም፤ እኔም ምላሴን ብቆርጠው ደስ ባለኝ።

መፍትሔው የመጣው ያው ከእንግሊዙ ነው። ቅዳሜ ቴሌቪዥኑን የከፈትነው ከልማድ ብዛት እንጂ ለማየት አልነበረም፤ እሱም እንደገና አውሬ ሆኖ መጥቷል፣ ድሮ የተሠራ ፊልም ነውና። መርከቡ ተሰብሮበት ከሰዎች መሃል የወደቀ ፍጡር ነው፤ የሰውን ቋንቋ የተማረው በሬዲዮ ስለሆነ አንዱን ቃል ይልና ይቆማል፣ ሁለተኛውን ይፈልጋል፣ ያገኘዋል፣ አንዳንዴም ተሳስቶ ያገኘዋል። ነገረ ሥራው ሊያስቅ ሲገባው አንጀት ይበላል። ሁልጊዜ የሚስቀው ዮናስ እንኳ ጉልበቱን አቀፈ። ጋሼ ንጉሤ ቴሌቪዥኑን አየ፣ ቀጥሎ እኛን አየ፣ ደግሞ ቴሌቪዥኑን አየ። «እስቲ ዮናስ፣ የማን ልጅ ነህ?» ዮናስ አሰበ፤ «የ... አባዬ... ልጅ» አለና ቆመ፤ ቀጥሎም «ነኝ» የሚለውን ከሩቅ አገኘው። ጋሼ ንጉሤ እንባው እስኪወርድ ሳቀና የርስቱን ክርክር ከነዳኛው ቆሻሻ ውስጥ ጨመረው።

አዲሱ ቴአትር እንዲህ ነበር። መሃል ከተማ፣ ዳውንታውን፣ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ አንድ ሰው አለ፤ ከተመልካቹ አባቶች ግማሹ ያንን ሥራ ሠርተውታል። አንድ ማታ ከሌላ ኮከብ የመጣች መርከብ ጣራው ላይ ታርፋለች፤ አምስት ፍጡሮች ወርደው «የእናንተ ነን» ይሉታል። እሱ አያምንም። አበሻ ነውና የማያውቀውን ሰው የሚያጣራበት አንድ መንገድ ብቻ ያውቃል፤ የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ እያለ ወደ ላይ ያስቆጥራቸዋል። እነሱ ይቆጥራሉ፤ ቋንቋቸው ግን በመንገድ ርዝመት ሳስቷል። ጭንብሎቹን ጋሼ ንጉሤ ከዌርሃውሱ አመጣቸው፤ የሃሎዊን ዕቃ በሐምሌ ስለሚገባ ካርቶኑ የተቀደደውን ለሠራተኛ ይሸጣሉ። እናቴ ካባችንን ከአሮጌ መጋረጃ ሰፋችልን። ሰባት ቤት ለመቁጠር ግን እናትና አባቶቻችን ራሳቸው ከአራት በላይ መዝለቅ ሲያቅታቸው፣ አገር ቤት ደውለው ሽማግሌ ሲያስጠይቁ ሰነበቱ። በቀጠሯቸው እሁድ አቶ ሰይፉ መጥተው እስከ መጨረሻው አዩና በራሳቸው እጅ ፕሮግራሙ ላይ ጻፉት።

በዓሉ የተከበረው በተከራየነው የትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። ከክብር እንግዳው በጣም ረጅም ንግግር በኋላ መጋረጃው ሲገለጥ፣ ጋሼ ንጉሤ የጥበቃ ሰደርያውን ለብሶ አንዲት በርጩማ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ገና አንድ ቃል ሳይናገር፣ ዝም ብሎ ወደ ላይ ሲያይ ብቻ፣ ወሬው ከፊተኛው ወንበር ጀምሮ ወደ ኋላ እየከሰመ ሄደ። እኛ ስንገባ ሳቅ ሆነ። ጭንብሌ ውስጥ ላስቲክና የምሳዬ ሽንኩርት ይሸተኛል፣ በሁለት ቀዳዳ የማየው የጋሼ ንጉሤን ጫማ ብቻ ነው። ዮናስ «እኛ... መጣ» ሲል የማልረሳው ጉድ ፈላ። እትዬ ዘነበች ከሦስተኛው ረድፍ «መጣን በል እንጂ የኔ ልጅ!» ብለው ጮሁ። ሌላው «ድምፅ ጨምር!» አለ። አንዱ አራሚ ሌላውን አራሚ አረመ። የእኛ ሰው ልጅ አማርኛ ሲሳሳት ሰምቶ ማለፍ አይችልም፤ ቴአትር ይሁን ቅዳሴ ግድ የለውም። ሮቤል መድረኩ ላይ ሊያለቅስ ነው፤ እኔም የማውቀው ሁሉ ጠፋብኝ።

ጋሼ ንጉሤ ከበርጩማው ተነሳ። ቀስ ብሎ ወደ መድረኩ ጠርዝ መጣና፣ እንደ ጋሼ ንጉሤ ሳይሆን እንደዚያ ጥበቃ ሆኖ፣ «ጸጥ!» አለ፤ የደሴውን ባላባት ድምፅ ያን ዕለት ሰማሁት። «እንግዳ ሲናገር አይቋረጥም። ስንት ዘመን ተጉዘው እንደመጡ ታውቃላችሁ?» እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እሱ ወደ እኔ ዞሮ በርከክ አለና «የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ፤ ድምፁ ተለውጧል፣ እውነት የሚጠይቀኝ ይመስላል። እኔም ጀመርኩ። የአባቴን ስም አልኩ፤ ቆምኩ፣ ተነፈስኩ፤ የአያቴን ስም አልኩ፤ የቅድመ አያቴን ሳጣው ማንም አልነገረኝም፣ ሁሉም ጠበቀኝ፣ አገኘሁት። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ከኋላ በር አጠገብ የታክሲ ቁልፉን እንደያዘ የቆመው አባቴ አፍንጫውን ሲናፈጥ ሰማሁ፤ አባቴ ደግሞ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። አምስታችንም ቆጥረን ስንጨርስ ጥበቃው መግቢያውን የዘጋውን እንጨት አነሳና «እለፉ፤ ቦታ አለ» አለን። ቴአትሩ በዚህ አለቀ። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ ጋሼ ንጉሤን ቀና ብዬ አየሁት፤ እንደዚያ ደስ ያለው ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ያን ማታ ያነሳ የመሰለን ቪዲዮ አንሺ አላነሳውም። ለክብር እንግዳው ንግግር ብዙ ባትሪ ስለጨረሰ «የልጆች ፕሮግራም ነው» ብሎ ለጭፈራው ቆጥቦ ካሜራውን አጥፍቶት ነበር። ካሴቱ ሲመጣ ሁላችንም ሶፋው ላይ ተደርድረን ጠበቅን፤ ንግግሩ ከነሳሉ አለ፣ ከዚያ ምስሉ ይቋረጥና ቆመው የሚያጨበጭቡ ሰዎች ጀርባ ይታያል። ጋሼ ንጉሤ አጠነጠነውና ጭብጨባውን እንደገና አየው። «ቢያንስ ይሄን አልቆረጠብኝም» ብሎ ሳቀ። በዓመቱ እንደገና እንሠራለን ተባለ፤ ግን የእሱ ሺፍት ተለወጠ፣ ሮቤል ኳስ ጀመረ፣ እኔ ጭንብል ማጥለቅ የምታፍር ኮረዳ ሆንኩ። እሱም ቆይቶ የራሱን ቤት ገዝቶ ከቤዝመንታችን ወጣ።

እንግሊዙ ግን ቀጠለ። ከጻፈ በኋላ ማን ያስቆመው! ሌላ ክፍል ጻፈ፣ ሌላ ጻፈ፣ መንፈስ የሚያሳድዱ ሁለት እህትማማቾች ታሪክ ላይ ዋና ጸሐፊ ሆነ፤ በየመሃሉ ለራሱ አንዳንድ ትንሽ ቦታ እየቆረጠ ፊቱን ያሳየናል። ጢሙ ሸበተ፣ ጠንቋይ ሆነ፣ ንጉሥ ሆነ፣ በስተርጅና ደግሞ በገዛ ፈቃዱ አንድ ጊዜ ጭንብል አጥልቆ አውሬ ሆነ። ጋሼ ንጉሤ ባየው ቁጥር ይደውላል፤ ክፍል ውስጥ ብሆን፣ ሥራ ላይ ብሆን፣ ምጥ ላይ ብሆን። «ስንት ጊዜ ኮል አደረግኩሽ፣ እንግሊዙ መጥቶልሻል፣ ቶሎ ክፈቺ!» ከፍቼ፣ ስልኩን ሳንዘጋ እስኪያልቅ አብረን እናያለን።

ጭንብሉን በገዛንበት በዚያው ወር ናታን ዳውንታውን ወደሚደረገው የፊልም አድናቂዎች ስብሰባ ካልሄድኩ ሲል፣ ማስታወቂያው ላይ ከተጋባዦቹ ፎቶ መሃል አንድ ጆሮ ትልልቅ ሽማግሌ አየሁ። ደወልኩ። ጋሼ ንጉሤ መጀመሪያ አልሄድም አለ፤ «ተዋናይ ተዋናይን ተሰልፎ አያይም» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ በር ላይ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ወረፋው ረጅም ነበር። ጠረጴዛው ላይ የእንግሊዙ ፊቶች ሁሉ በፎቶ ተደርድረዋል፤ ቅርፊታሙ፣ ባለ አንድ ዓይኑ፣ ዱባው፣ ፋኖስ ያዡ። ከሞታቸው ሞቶች አንድም አልጎደለም፤ ናታን ስልኩን ነክቶ የፈለገውን ወዲያው ያመጣዋል። የጋሼ ንጉሤን ማታ ያዩት ግን እያለቁ ነው። አባቴ የለም። አቶ ሰይፉ የሉም። እትዬ ዘነበች አሉ፣ ግን እኔንም አያውቁኝም። ሮቤል ሌላ ስቴት ነው፤ ስጠይቀው «አይ ሪመምበር ዘ ማስክ» አለኝ፤ ከጭንብሉ ሌላ አያስታውስም። እኔም ልጄን አማርኛ አላስተማርኩትም፣ ዘሩንም አላስቆጠርኩትም፤ ከእኔ ስም በላይ አንድ ስም ብቻ ያውቃል። ይህን ሳስብ ከወረፋው መውጣት አማረኝ።

ተራችን ደረሰ። እንግሊዙ ከገመትኩት በላይ በቁመቱ ትንሽ ሰው ነው። ይህ ሰው በጭንብል ውስጥ ሆነህ ያውቅህ ነበር ብዬ ስነግረው፣ ሁሉም እንዲህ ይለኛል በሚል ዓይነት ፈገግ አለ። ጋሼ ንጉሤ ግን የግራ ትከሻውን ጣለ፣ ተነፈሰ። እንግሊዙ ብዕሩን አስቀመጠ። ትንሽ አይቶት፣ ተዋናይ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው። «የስ» አለ ጋሼ ንጉሤ። ድሮ ነበርኩ አላለም። እንግሊዙ ከወንበሩ ተነስቶ ጨበጠው፤ የምትጫወተውን የጻፈውስ ማን ነው አለ፤ «ሚ» አለው። ከኋላችን ያለው ሰው ያጉረመርማል፤ እንግሊዙ ግድ አልሰጠውም። ወረቀት ስቦ ብዕሩን አንስቶ፣ ሥራህን የት ነው ማግኘት የምችለው፣ ማየት እፈልጋለሁ አለው፤ ከልቡ ነበር፣ ርዕሱን ሊጽፍ እየጠበቀ ነው። ስለ ባትሪው ልንገረው? ስለ ጭብጨባው? ጋሼ ንጉሤ ጥያቄው ሳይተረጎምለት ገብቶታል፤ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈና፣ እንደዚያ ማታ ቀና ብሎ፣ ዓይኑን ከእንግሊዙ ላይ ሳያነሳ «አመለጠህ በለው» አለኝ።